እትዬ ፍላሽና የምድር ቤቱ ማተሚያ

እትዬ ፍላሽ በባሏ ኮምፒውተር ውስጥ ሴት አገኘች ተባለ። ወሬው ከልብስ ማጠቢያው ክፍል ተነሥቶ ድንገተኛ ክፍል እስኪደርስ ሴትዮዋ ቁመት አወጣች፣ ፀጉር አበቀለች፣ ልጅም ወለደች። በር ላይ ያሉት ዘበኞች ጋ ሲደርስማ ልጁ ትምህርት ቤት ገብቶ ነበር።

ውሸት ነው። እትዬ ፍላሽ በባሏ ኮምፒውተር ውስጥ ያገኘችው ሴት ሳይሆን የቀለም ማተሚያ ነው። ማተሚያ ደግሞ ልጅ አይወልድም። ግን እሷ ያን ማተሚያ ባገኘች ጊዜ የሆነችውን ሆና ያየናት ሁላችን፣ ሴት ብታገኝ ይሻል ነበር ብለናል። ከሴት ጋር ቢያንስ ፀጉር መያያዝ ይቻላል።

ነገሩን ከሥሩ ልያዘው። ሆስፒታላችን ሁለት ሕንፃ አለው። አዲሱ ሕንፃ ውስጥ ያለው ኮምፒውተር ሁሉ በኔትወርክ የተያያዘ ስለሆነ፣ የኮምፒውተር ክፍል ሰዎች ወንበራቸው ላይ ተንጋለው የቱ ማሽን ምን ያህል ሜሞሪ እንዳለው፣ የትኛው ሐኪም ምን ጨዋታ እንደጫነ ያያሉ። የአሮጌው ሕንፃ ግድግዳ ግን እንደ አማት ፊት የማይበሳ ነው፤ ኬብል አላስገባም ብሎ ቀረ። መዝገብ ቤቱ፣ ጥርስ ክፍሉ፣ ራጅ ክፍሉ፣ መድኃኒት መጋዘኑ፣ ሁሉም ኮምፒውተራቸው ከዓለም ተለይቶ ብቻውን ተቀምጧል። ታዲያ የነዚህን ባሕታውያን ንብረት ማን ይቁጠር? ምን ተሰካበት፣ ምን ተነቀለበት፣ ምን ተጫነበት ብሎ በእግሩ እየዞረ የሚያይ ሰው ያስፈልጋል። መሐንዲሶቹ ደረጃ አይወዱም። እትዬ ፍላሽ ትወዳለች። ደረጃ ላይ ወሬ ይገኛላ!

ድሮ ታይፒስት ነበረች። የጽሕፈት መኪኖቹ ጨርቅ ለብሰው መጋዘን ሲገቡ፣ እኔ ግን አብሬ አልገባም ብላ ኮምፒውተር ፊት ተቀመጠች። «ቁልፉ ያው ቁልፍ ነው፤ ጩኸቱ ነው የቀነሰው» አለች። ቅጽል ስሟ የወጣው ከመታወቂያዋ ጋር አንገቷ ላይ ከምታንጠለጥለው ፍላሽ ነው። እሷም ስሙን አልጠላችውም።

ሥራዋ እንዲህ ነው። ፍላሹ ውስጥ አንዲት ትንሽ ፕሮግራም አለች። ፍላሹ ሲሰካ ፕሮግራሟ የማሽኑን ሆድ ዕቃ ትበረብራለች፤ ሜሞሪውን፣ ዲስኩን፣ የተሰካበትን ማተሚያ፣ የተጫነበትን ሶፍትዌር ሁሉ። ያየችውንም በኮምፒውተሩ ስም በተሰየመ ፋይል ፍላሹ ላይ ታሰፍረዋለች። እትዬ ፍላሽ ክፍሎቹን ሁሉ ከዞረች በኋላ ቢሮዋ ተመልሳ ሁሉንም ወደ አንድ ሰንጠረዥ ትሰበስባለች፤ የሚነበበው እዚያ ብቻ ነው። መጀመሪያ ላይ ፕሮግራሟ «በዚህ ስም የተጻፈ ፋይል አለ፤ ልተካው ወይ?» ብላ ትጠይቅ ነበር። በየወሩ የባለፈው ወር ፋይል ስላለ በየክፍሉ «አዎ፣ አዎ» ማለት ነው። እትዬ ፍላሽ ሰለቻትና ጥያቄውን አጠፋችው። «እኔ ባሌን እንኳ እንዲህ አላስፈቅድም» አለች። ይህቺን ነገር ያዙልኝ።

ስለ ሰው የምታምነው ጥቂት ነው፤ ስለ ፍላሹ ግን ጥርጥር የላትም። «ሰው ይዋሻል፤ ፍላሽ አይዋሽም» ትላለች። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እትዬ ፍላሽ ከመጣች ወዲህ ሦስት ሆነዋል።

ባሏ የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ ነው። ጋሼ ማህደር እንለዋለን። ከአሮጌው ሕንፃ በታች፣ ምድር ቤት፣ እስከ ጣሪያ በተደረደሩ የሕመምተኛ ማህደሮች መካከል ይውላል። ዝምተኛ ነው። አንድ ማህደር ሲያወጣ አቧራውን በትንፋሹ እፍ ብሎ፣ በመዳፉ ዳብሶ፣ የታጠፈ ጠርዙን አቃንቶ ነው የሚሰጠው። እትዬ ፍላሽ ይህን ባየች ቁጥር አንጀቷ ያርራል። «ይኼን ሁሉ ዘመን አብረን ስንኖር የኔን ጠርዝ አንድ ቀን አቃንቶልኝ ያውቃል?» ትላለች። በወረቀት የቀናች ሴት በሰው ብትቀና ምን ይገርማል?

የጋሼ ማህደር ኮምፒውተር ደግሞ ከሁሉ የጸዳ ነው። ጨዋታ የለው፣ ቫይረስ አያውቀው፣ ፍርፋሪ ቁልፎቹ መካከል አይገባ። ስለዚህ እትዬ ፍላሽ የዲስኩን ሙሉ ቅጂ ወስዳ እንደ ሊጥ እርሾ አስቀምጣዋለች። አዲስ ኮምፒውተር ሲመጣ ከዚያ እርሾ ትገለብጥና በመጨረሻ ስሙን ብቻ ትቀይራለች። እሷ ራሷ እንደምትለው፣ አሮጌው ሕንፃ ውስጥ ያለ ማሽን ሁሉ የባሏ ዘር ነው።

ጥርስ ክፍል አዲስ ነርስ ስትመጣ ነው ነገር የተነሣው። ሳቂታ ናት፤ ጥርሷ ራሱ ለክፍሉ ማስታወቂያ ይመስላል። የድሮ ማህደር ፍለጋም ወደ ምድር ቤት ትመላለስ ጀመር።

«ለጥርስ የድሮ ማህደር ምን ያደርጋል?» ትላለች እትዬ ፍላሽ ሻይ ቤት ተቀምጣ። «ጥርሱ እዚያው አፉ ውስጥ አይደል?»

«እትዬ፣ ሥራዋ እኮ ነው» ይሏታል።

«ሥራዋን ማን ከለከላት? ሳቋን ግን ላይ ትታው ትውረድ።»

አንድ ቀን የራጅ ክፍሉ ጸሐፊ ኮምፒውተር ሞተና እትዬ ፍላሽ አዲስ ይዛለት ወጣች። እርሾዋን ገለበጠች። ሁሉ አለቀ፤ ስም መቀየር ብቻ ቀረ። ራጅ ክፍሉ ከመዝገብ ቤቱ በላይ ነው። ጣቷን ቁልፉ ላይ እንዳደረገች ከታች፣ በደረጃው በኩል፣ ሳቅ መጣ። የነርሷን ሳቅ ሁሉም ያውቀዋል። ከሱ ሥር ግን ሌላ ሳቅ ነበር፤ የተሰነጠቀ፣ ከረጅም ጊዜ በኋላ ከሣጥን የወጣ ሳቅ። የጋሼ ማህደር!

ወንበሩ ከኋላዋ ወደቀ። ጸሐፊው «እትዬ፣ አልቋል እንዴ?» ሲል «አልቋል!» ብላ ነው የወረደችው።

ከታች ነርሷ መደርደሪያውን ተደግፋለች፤ ባሏ ዐይኑን በመሐረብ ይጠርጋል።

«ምን ያስቃል?» አለች።

«ኧረ ምንም» አለ ባሏ።

«ምንም» ደግሞ ሰው አስቆ አያውቅም። እትዬ ፍላሽ ያን «ምንም» አንገቷ ላይ ከፍላሹ ጋር አንጠልጥላው ሄደች።

በቀጣዩ ቆጠራ እንደ ልማዷ በጠዋት ከምድር ቤት ጀምራ ወደ ላይ ወጣች፤ ራጅ ክፍል ጨረሰች፤ ቢሮዋ ገብታ ሰንጠረዡን ከፈተች። «መዝገብ ቤት» የሚለው መስመር ላይ ስትደርስ መነጽሯን አውልቃ ጠርጋ መልሳ አደረገች። የባሏ ፕሮግራሞች ሁሉ በቦታቸው አሉ። አጠገባቸው ግን እንግዶች ተቀምጠዋል። የቀለም ማተሚያ። የጌጥ ፊደላት። የአበባ ሥዕል ስብስብ። የሠርግ ካርድ መሥሪያ ሶፍትዌር። ይባስ ብሎ ሜሞሪው በእጥፍ አድጓል።

«ሜሞሪ ገዝታለታለች!» አለች ጮክ ብላ። «ለሰው ባል ሸሚዝ የምትገዛ ሴት አይቻለሁ። ሜሞሪ የምትገዛ!»

ማታ እራት ላይ ጋሼ ማህደር ሾርባውን እየበላ ሳለ ምንም ሳታስጠነቅቅ «ለማን ነው?» አለችው።

«ምኑ?»

«የሠርግ ካርዱ!»

ማንኪያው ከእጁ አመለጠ። ሾርባው ውስጥ ገብቶ ደረቱ ላይ ረጨው።

«የምን ሠርግ?» አለ።

«በቃ፣ በቃ። ማንኪያው ተናግሯል።»

«ነገ ነይና ኮምፒውተሩን እዪው፣ ያው ነው እኮ።»

ሄዳ አየችው። ማተሚያ የለም። የካርድ ሶፍትዌር የለም። የማሽኑን ክዳን ፈታ ሜሞሪውን ቆጠረች፤ ያው ድሮ ራሷ ያስገባችው ብቻ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን «ተሳስቻለሁ» ይል ነበር። እትዬ ፍላሽ ግን «ደብቆታል» አለች።

ይህን ለማረጋገጥ አንድ ቀን ዙሩን ገለበጠችው። ከላይ ጀምራ ከሰዓት በኋላ ምድር ቤት ጨረሰች። ሰንጠረዡ ላይ የባሏ ኮምፒውተር እንደ ሕፃን ንጹሕ ሆኖ ወጣ። በሌላ ቀን በጠዋት ከምድር ቤት ጀመረች፤ ማተሚያው ከነአበባው ተመልሶ መጣ።

«ገባኝ» አለችን ሻይ ቤት። «ጠዋት ጠዋት ነው። ጠዋት ይሰካዋል፣ ከሰዓት ይነቅለዋል።»

«ሜሞሪውንም በየቀኑ ይነቅላል ነው የምትዪው?» አላት አንዱ የኮምፒውተር ክፍል ሰው።

«ፍቅር ያለበት ሰው ምን አይነቅልም?»

ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይህ ነው። ግን ማን ደፍሮ ይነግራታል? እውነት ለመናገር፣ እኛም ወሬው እንዲያልቅብን አልፈለግንም።

ቤቷ ውስጥ ግን ጨዋታ አልነበረም። ልብሷን በሻንጣ ሸክፋ በሩ አጠገብ አቆመችው። «በአሁኑ ቆጠራ ከተገኘ እህቴ ጋ እገባለሁ፤ ተመልሼም አልመጣም» ብላ ማለች። የምትለውን የምታደርግ ሴት ናት። ጋሼ ማህደር ማልዶ ሲወጣ ሻንጣውን ይሻገረዋል፤ ሲገባ ይሻገረዋል። አንድ ማታ ሰማዩን በመስኮት አይቶ ጃንጥላ አመጣና ከሻንጣው ጎን ሻጠው።

«ይኼ ምንድን ነው?» አለች።

«ክረምት ነው፤ የምትሄጂ ከሆነ ትበሰብሻለሽ።»

ይህን ስትነግረን እንባዋ መጣ። «አያችሁት? መንገዴን እያመቻቸልኝ ነው!» አለች። ጃንጥላ ሰጥቶ የተወቀሰ ባል እሱ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም።

የቆጠራው ቀን ደረሰ። እትዬ ፍላሽ በጠዋት ምድር ቤት ወርዳ ፍላሹን ሰካች፤ መብራቱ ብልጭ ድርግም ብሎ ሲያበቃ ነቀለችው። ወደ ላይ ግን አልወጣችም። ዛሬ እጅ ከፍንጅ ነው ብላ በርጩማ ስባ በመደርደሪያዎቹ መካከል ተቀመጠች። ጋሼ ማህደር ምንም ሳይጠይቅ መቀመጫው እንዳይቆረቁራት የራሱን ትራስ አምጥቶ ሰጣት። እሷም ትራሱን ገልብጣ ከሥሩ የሴት ፀጉር ፈለገች።

ወዲያው ደረጃው ላይ ሳቅ መጣ። ከዚያ ነርሷ።

«እትዬ! እርስዎም እዚህ ኖት? ደረጃ አተረፋችሁልኝ» አለችና ጠርዙ ወርቃማ የሆነ ፖስታ ዘረጋች። «ለሁለታችሁ ነው። ካልመጣችሁ እቀየማለሁ።»

እትዬ ፍላሽ ፖስታውን ሳይሆን የነርሷን ፊት እያየች ተቀበለች።

«ሙሽራዋ አንቺ ነሽ?»

«ምን ላድርግ እትዬ፣ ዕድሜ ቆሞ አይጠብቅም።»

«ሙሽራውስ?» ስትል ዐይኗ ባሏ ላይ ነበር። ባሏ የአንድ ማህደር ጠርዝ ያቃናል።

«የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው።»

«ሹፌር?»

«ምነው እትዬ፣ ሹፌር አይመጥነኝም?»

«ኧረ ይመጥናል! እንዴት አይመጥንሽ! ከሹፌር የተሻለ ባል የት ይገኛል!» ብላ ተነሥታ ጉንጯን ደጋግማ ሳመቻት። ነርሷ ምን እንደነካት ግራ ገብቷት ቆመች። እትዬ ፍላሽ አንጀቷ ርሶ ካርዱን ስትከፍተው ግን አበባውን አየች። ሰንጠረዡ ላይ በባሏ ኮምፒውተር ስም የተመዘገበው ዓይነት አበባ ነው። ፊደሉም ያ የጌጥ ፊደል።

«ይኼን ማን ሠራልሽ?» አለች፤ ዐይኗ እንደገና ወደ ባሏ ዞረ።

«የራጁ ጸሐፊ ነዋ! የሠራተኛውን ሠርግ ሁሉ እሱ አይደል የሚሠራው? አዲስ ኮምፒውተር ካገኘ ወዲህማ ማተሚያውን ከቤቱ አምጥቶ እዚያው ያትማል። እርስዎ አይደሉ እንዴ የሰጡት?»

እትዬ ፍላሽ ካርዱን እንደያዘች ወደ ደረጃው ሮጠች። ደረጃውን ስትወጣ ያዩዋት፣ ጉልበቴን አመመኝ የምትለው ሴት መሆኗን ተጠራጠሩ።

ጸሐፊው ገና ከበሩ ሲያያት የራጅ መከላከያውን ከባድ ሽርጥ ከጠረጴዛው ጎን ያለ አንድ ነገር ላይ ጣለበት። የቆጠራ ቀን ሁሌም እንዲህ ነው የሚያደርገው፤ ሽርጡ ግን ማተሚያውን ከዐይን እንጂ ከፍላሽ አልሸፈነውም።

«እትዬ፣ በእናትዎ፣ ለአለቃ አይንገሩብኝ! ዛሬውኑ ወደ ቤት እወስደዋለሁ!»

«ተነሥ ከወንበሩ!»

ሽርጡን ዞራም አላየችው። ተቀመጠች፤ የኮምፒውተሩን ስም ከፍታ አነበበች። መዝገብ ቤት ይላል። ራጅ ክፍል ተቀምጦ፣ የራጅ ክፍል አየር እየተነፈሰ፣ መዝገብ ቤት ነኝ ይላል!

ጸሐፊው አሁንም ስለ ማተሚያው ይለምናታል። እሷ ግን የሰማችው ያን ቀን በደረጃው በኩል የመጣውን ሳቅ ነው። ጣቷ ቁልፉ ላይ ነበር። ስሙን መቀየር ብቻ ነበር የቀራት። ትታው ወረደች፤ አዲሱ ኮምፒውተርም የባሏን ስም እንደተሸከመ ቀረ። ስማቸው አንድ ስለሆነ ፍላሹ ላይ የሚጽፉትም አንድ ፋይል ሆነ፤ ኋላ የመጣው የፊተኛውን ያለ ምንም ጥያቄ ይደመስሰዋል። ከምድር ቤት ጀምራ ራጅ ስትጨርስ የጸሐፊው ማተሚያ በባሏ ስም ይወጣል፤ ከራጅ ጀምራ ምድር ቤት ስትጨርስ ባሏ ይጸዳል። ራጅ ክፍል ከሰንጠረዡ ጎደለ እንዳትል ደግሞ፣ የሞተው ኮምፒውተር የድሮ ፋይል እዚያው ተቀምጦ ቦታውን ይሞላል። ፍላሹ አልዋሸም። የነገሩትን ነው የጻፈው።

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይሏል እንዲህ ነው። በሳቅ ቀንታ የተወችው ሥራ ተመልሶ መጥቶ ምስክር ሆነላት። ቅናቷ ማስረጃውን ራሱ ወልዶ፣ ራሱ አሳድጎ፣ ራሱ ፍርድ ቤት አቀረበው።

ስሙን ቀየረችው። ያጠፋችውን ጥያቄም ለፕሮግራሟ መለሰችላት፤ አሁን በየክፍሉ «ልተካው ወይ?» ስትባል አንገቷን ደፍታ እያንዳንዱን ስም አንብባ ነው «አዎ» የምትለው። ስለ ማተሚያውም ለአለቃ አልተናገረችም። ጸሐፊው ይህን ደግነት መስሎት እስከ ዛሬ ይመርቃታል። እሷ የፈራችው ሌላ ነው፤ ማተሚያው ከተነሣ ስሙም መነሣቱ ነው።

ቤት ስትገባ ሻንጣውን ከበሩ አንሥታ ልብሷን ወደ ቁም ሣጥን መለሰች። ጋሼ ማህደር ሲመጣ እግሩን እንደ ልማዱ ከፍ አድርጎ የሌለ ሻንጣ ተሻገረ።

«ዝናቡ አባራ?» አላት።

«አባራ» አለችው።

ጃንጥላውን አንሥቶ፣ የታጠፈ ጠርዙን አቃንቶ፣ ሰቀለው። እሷም ያቃናበትን እጁን ስታየው ቆየች።

ወሬውን የሰማችው ከዚያ በኋላ ነው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ሆስፒታሉ በሙሉ ባሏን ከሴትና ከልጅ ጋር ሲያኖረው የሰነበተው እሷ ሳታውቅ ነበር። በዚህ ተናዳ አንድ ቀን ሻይ ቤት ሁላችንንም ሰብስባ ነገሩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ራሷ ተረከችው። ሳቁን፣ እርሾውን፣ ያልተቀየረውን ስም፣ ምንም አልደበቀችም። የኮምፒውተር ክፍል ሰዎች ጠረጴዛ እየደበደቡ ሳቁ። ነርሷ ሻይዋ ትን አላት። ጸሐፊው ለእትዬ ፍላሽና ለጋሼ ማህደር የጋብቻቸውን በዓል ካርድ በነጻ እንደሚሠራ ቃል ገባ። ጋሼ ማህደርም ጥግ ተቀምጦ፣ አፉን በመዳፉ ሸፍኖ፣ ያንኑ የተሰነጠቀ ሳቁን ሳቀ።

እትዬ ፍላሽ ሁሉም እስኪያበቃ ጠበቀች። ፍላሿን አንገቷ ላይ አስተካከለች። ከዚያ ማንንም ሳታይ፣ ግን ወደ ጥጉ ዞር ብላ፣ እንዲህ አለች፦

«እሺ፣ ኮምፒውተሩን እኔ ነኝ ያሳሳትኩት። ማንኪያው ግን ለምን ወደቀ?»